ሰባተኛው ውሃ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የሰማሁት አይደለም... በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁት ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። የፊዚክስ መምህር ነኝ።

የምጽፈው ግን ለእናንተ ብቻ አይደለም። ስሙን ለማላውቀው ለአንድ ሰው ጭምር ነው። ሰማያዊ የቤት መኪና ይነዳል። ይህን ቻናል የሚከታተል ከሆነ እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ቀኑ ሐምሌ 19፣ 2014 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ቦታው ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚወስደው መንገድ።

ሌሊት አልነበረም። ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከበቆሎው ላይ እንፋሎት ይነሳ ነበር።

ወንዳወቅ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። አንዲት አሮጌ ቫን አለችኝ፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። የኋላ ወንበሮቿን አውጥቼ አልጋ ሠራሁባት። ባለቤቴ እፀገነት መጋረጃ ሰፋችላት። ትንሽ የጋዝ ምድጃም አላት።

መምህር የሚያርፈው በክረምት ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚከተትበት ወር እኛ መንገድ ላይ ነን። ጎረቤቶቻችን «የወንዳወቅ ሆቴል መጣች» እያሉ ይስቁብናል።

ይሳቁ። አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላን አታውቅም ነበር።

ምስጢር የለውም። ዘይቷን በጊዜው እቀይራለሁ። ከመነሳታችን በፊት የሞተሯን ቀበቶ፣ ቺንጊያዋን፣ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አያለሁ። የራዲያተሯን ውሃ የሚያመላልሱ ጎማዎች አንድ በአንድ እዳስሳለሁ። ከንጹህ ውሃ በቀር ሌላ አላጠጣትም። ድፍርስ ውሃ ለአሮጌ ራዲያተር መርዝ ነው፤ ጭቃው ውስጡን ይደፍነዋል።

ሞተሯ ያለው ከፊት መቀመጫዎቹ ሥር ነው። መሃለኛው መቀመጫ ላይ ልጃችን መስከረም ትቀመጣለች። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ያ መቀመጫ ቀበቶ ስላልነበረው፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ቀበቶ ፈልጌ ራሴ ገጠምኩላት። ሳስርላት ሁልጊዜ «ጠበቅ አድርገው አባ» ትለኛለች።

ከአልጋው ሥር ሁልጊዜ ሃያ ሊትር ንጹህ ውሃ ይኖራል።

በዚያ ቀን ግን አልነበረም።

እፀገነት «ውሃውስ?» ብላኝ ነበር።

«በሐምሌ ውሃ ተሸክሞ የሚዞር ጅል ነው። ሰማዩ ሁሉ ውሃ አይደለም እንዴ?» አልኳት። በጀሪካኑ ቦታ ብርድ ልብስ ጨመርን።

ከቡሬ ወጥተን አንዱን ዳገት ስናጋምስ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀዩ ሄደች። ወዲያው አቆምኩ። መቀመጫውን አንስቼ ሳይ አንዱ የራዲያተር ጎማ ተሰንጥቆ ውሃው ፈሶ አልቋል። በላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት። የቀረኝ ውሃ ብቻ ነበር።

መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ሞልቶ ይፈሳል... ግን ቀይ ነው። አፈር ነው።

«ከዚያው ቅዳና ወደ ቡሬ እንመለስ» አለች እፀገነት።

«ጭቃ አላጠጣትም!»

«ለአንድ ቀን ብትጠጣ ምን ትሆናለች?»

በቫኗ ጉዳይ ማንም እንዲነግረኝ አልወድም።

ያኔ ነው ሴትዮዋን ያየኋት።

ከላይ፣ ከመንደሩ በኩል፣ ብቻዋን ትመጣለች። አሮጊት ናት። ቢጫ ጀሪካን ይዛለች... ግን እንደ አገሩ ሴት በጀርባዋ አላዘለችውም። ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

አፏን በነጠላዋ አስራለች።

ግራ ቀኝ አታይም። ወደ ኋላዋም አታይም።

«ጠበል ነው የያዘችው» አለች እፀገነት በሹክሹክታ። «ተዋት።»

እኔም የገባኝ እንደዚያ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ጠበል የያዘ ሰው ቤቱ እስኪደርስ እንደማይናገር አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት። ይህን አልደብቃችሁም።

«እናቴ፣ መኪናችን ቆማብን ነው። ውሃውን ይስጡን። ነገ እጥፍ አድርጌ አመጣልዎታለሁ» አልኳት።

ዝም።

«ልጅ ይዘናል እኮ።»

ራሷን ነቀነቀች። እንቢ ማለቷ ነው። በአንድ እጇ ወደ ፊት፣ ወደ ገደሉ አሳየችኝ። ገደሉ ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግሁም።

ጀሪካኑን ያዝኩት።

አልለቅም አለች። ክንዴን ጨበጠች። ዓይኗ ተጎልጉሎ ሊወጣ ይመስላል... ከነጠላው ሥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልትናገር ነው አልኩ።

ያኔ መስከረም በመስኮት ብቅ ብላ እጇን አውለበለበችላት።

«እንደምን ዋሉ እማማ!»

ሴትዮዋ ልጄን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ወረደ።

እጇም ላላ።

ወሰድኩት።

ክዳኑን ከፍቼ ማፍሰስ ስጀምር ውሃው ውስጥ አንድ ረጅም ጥቁር ፀጉር አየሁ። በጣቴ መዝዤ ጣልኩት። ፀጉር ለራዲያተር አይሆንም።

ሽታም ነበረው። የጠበል ሽታ አይደለም... ያልታጠበ የሰው ገላ፣ የሰነበተ ሕመምተኛ ሽታ።

አፈሰስኩት። እስከ ጠብታው።

ባዶውን ጀሪካን ስመልስላት ነጥቃኝ ዞረች። ሮጠች። ያቺ አሮጊት፣ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች!

እፀገነት ጠጋ አለችኝ። «ወንዳወቅ... ወደ መጣችበት እኮ ነው የተመለሰችው።»

«ታዲያስ?»

«ጠበል ወደ ቤቷ እየወሰደች ከነበረ... ቤቷ ወደ ፊት አይሆንም ነበር?»

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሳች። እንደዚያ ተነስታ አታውቅም።

ዳገቱን ስንወጣ መርፌዋን አየሁ። ቀዝቃዛው ላይ ናት።

አሥር ኪሎ ሜትር ሄድን። አልተነቃነቀችም።

«እዩልኝማ የእኔን እመቤት!» እያልኩ መሪዋን መታ መታ አደረግሁ። እፀገነት አልሳቀችም።

መስታወቱ ከውስጥ በኩል ላብ ያዘው። እጠርገዋለሁ... ይመለሳል።

«አባ» አለች መስከረም።

«ወይ።»

«ከሥሬ ያለው ማነው?»

«ሞተሯ ናት እናቴ።»

ጎንበስ ብላ መቀመጫዋን አየች።

«ሞተሯ ስሜን ከየት አወቀችው?»

እፀገነት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መንገዱን አየሁ።

መቀመጫው ሥር እጄን ሰደድኩ። ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ሞተር መፋጀት አለበት። የወንዝ ዳር ድንጋይ ነው የነካሁት። ቀዝቃዛ... እርጥብ።

ሽንዲ ሦስት ቀን ቆየን። በሁለተኛው ቀን መስከረም ውሃ አልጠጣም አለች። «ጠጥቻለሁ» ትላለች። ፀጉሯ ሲነካ እርጥብ ነው። እናቷ በፎጣ ታደርቀዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይንጠባጠባል።

በሦስተኛው ቀን መናገር አቆመች።

እያለቀሰች ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አታለቅስም። ከእናቷ እቅፍ ሾልካ ሄዳ ያቺ መሃለኛ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። ጆሮዋን ወደ ታች ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች... እሺ እንደሚል ሰው።

በማግስቱ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተመልሰን ቡሬ ገባን። የማውቀው መካኒክ ነበር፣ ጌታሁን የሚባል። እሱ ሳይስቅ ሥራ አይጀምርም።

«ደግሞ ምን ሁና ነው አሮጊቷ?»

«ሙቀት የላትም።»

«ሙቀት የለኝም ብሎ መካኒክ ጋ የመጣ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ» ብሎ ሳቀ።

የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ጣቱን ከተተ። አወጣው።

ጣቱ ደረቅ ነው።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከሽንዲ።»

«በዚህ?»

«በዚህ።»

«ጠብታ የላትም እኮ። ይኸ ሞተር ነዶ ማለቅ ነበረበት።» መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ ወዲያው ሳበው። ሳቁ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንዳወቅ... ውሃውን ማን ጠጣው?»

ሁለታችንም ቀና አልን።

መስከረም በሩ ጋ ቆማ ታየናለች። ከፀጉሯ የሚወርደው ውሃ እግሯ ሥር ኩሬ ሠርቷል።

ጌታሁን ክዳኑን ገጥሞ መፍቻውን አስቀመጠ። «ይኸ የእኔ ሥራ አይደለም ወንድሜ። ከዚህ አውጣልኝ።»

ወደዚያ ዳገት ተመለስኩ። ሌላ የት እሄዳለሁ?

ጠይቄ ጠይቄ የዚያችን ጀሪካን ያቀፈች ሴትዮ ቤት አገኘሁት። እማማ ደጊቱ ይሏቸዋል። ከቤቱ ጎን ማሳ ውስጥ አንዲት ወጣት በቆሎ ትኮተኩታለች። እየሳቀች። ፀጉሯ ረጅም፣ ጥቁር ነው።

እማማ ደጊቱ ሲያዩኝ አልደነገጡም። በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«እንደምትመጣ አውቄያለሁ ልጀ።»

«ምን ነበር ውሃው?» አልኳቸው።

«ጠበል መስሎህ ነው አይደል? ጠበልስ በሆነ። እጣቢ ነው። ልጀን ሰብለን ካህኑ ሰባት ቀን አጠመቋት። የሰባተኛው ቀን እጣቢ የያዛትን ነገር ይዞ ይወጣል። እሱን ወላጅ ይሸከማል። ምድር ሳያስነኩ፣ ሳይናገሩ፣ ወደ ኋላ ሳያዩ... የሰው እግር የማይረግጠው ገደል ይደፋል።»

«እና... አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት!»

«አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እጣቢ ነው ብልህ ትተወኝ ነበር። ከተናገርሁ ግን ወደ ሰብለ ይመለሳል።» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጅህን በመስኮት አየኋት። ታምራለች። ከዚያ የራሴን አሰብኋት። ሁለት ዓመት በገመድ አስሬ ያኖርኋትን... ዝም አልሁ።»

ልረግማቸው ፈለግሁ። ግን ማን ነው ከደረታቸው ላይ የነጠቀው?

ሰብለ ከማሳው ቀና ብላ «እማ፣ እንግዳው ይግባ እንጅ!» አለች። ድምፅዋ ጤናማ ነው። ደስ ይላል። ጠላኋት።

መምሬ አድማሴ የሚባሉት የዚያው መንደር ደብር ቄስ ልጄን ተቀበሉልኝ። ተራ ጠብቀን፣ ከነሐሴ 6 ጀምሮ፣ በፍልሰታው ጾም፣ ሰባት ጠዋት ተጠመቀች። ስድስቱን ቀን ምንም አላለችም።

በሰባተኛው ቀን ውሃው ሲያርፍባት በአንድ የሽማግሌ ድምፅ ተናገረች።

«ቤቴ እዚህ ነው፣ ልጅቷ ውስጥ... የሰውዬው መኪና ብርድ ነው።»

እፀገነት ወደቀች። መምሬ አድማሴ እጣቢውን በገንዳ ተቀበሉ። በቢጫ ጀሪካን ሞሉልኝ።

«ወንዳወቅ፣ ሰማህ? እንዳትናገር። እንዳታሳርፍ። ዞረህ እንዳታይ። ገደሉ አፋፍ ቁመህ ደፍተህ ትመለሳለህ። ሌላ ምንም የለውም።»

አፌን በጋቢዬ ጫፍ አሰርኩ። ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ፀሐይ ነበረች።

ጀሪካኑ ይከብዳል። ሃያ ሊትር ስንት እንደሚመዝን ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። ይህ ግን እሱ አይደለም። ውስጡ የሚገላበጥ ነገር አለ። አንዳንዴ በጎኑ ይደቁሰኛል... ከውስጥ።

ቁልቁለቱን ወረድኩ። ገደሉ ታየኝ። ሁለት መቶ እርምጃ።

ከመታጠፊያው ላይ አንድ ሰማያዊ መኪና ቆሟል። የፊት ክዳኑ ተከፍቶ እንፋሎት ይወጣዋል።

ቆምኩ።

አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እጁን እየጠረገ መጣ። ፊቱ ደግ ነው።

«እንደምን አደርክ ወንድሜ! ተመስገን፣ ሰው መጣልኝ! ክረምት ነው ብዬ ውሃ ሳልይዝ ወጥቼ ጉድ ሆንኩልህ። የቦዩ ጭቃ ነው። ትንሽ ብትሰጠኝ...»

ራሴን መነቅነቅ ነበረብኝ። በቃ፣ አንድ ጊዜ ራሴን ነቅንቄ ማለፍ። ይህ ሰው እንደ እኔ የሚቀማ አልነበረም። እንቢታዬን ቢያይ ይተወኝ ነበር።

ከኋላ መስኮት አንድ ትንሽ ልጅ ያየኛል። አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ቢጫ የሹራብ ኮፍያ አድርጓል።

ቆሜ አሰብኩ። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው።

እኔ የማምነው የተሞከረውን ነው። ገደል ላይ የተደፋ ውሃ ልጅ ሲያድን አላየሁም። መኪና ውስጥ የተደፋ ውሃ ግን ሰብለን ሲያድን አይቻለሁ። በቆሎ ስትኮተኩት። ስትስቅ።

ገደሉ ባይሠራስ?

ጀሪካኑ በጎኑ ደቆሰኝ።

ልጁን አየሁት። ከዚያ የራሴን አሰብኳት።

ማንም አልነጠቀኝም። በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ አቀበልኩት።

«ኧረ እግዜር ይስጥልኝ!» አለ ሰውዬው። «ልጅ አለህ? እግዜር ያሳድግልህ!»

ዞርኩ። ሮጥኩ። ያቺ አሮጊት ለምን እንደሮጠች ያኔ ገባኝ። ከኋላዬ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። በአንድ ጊዜ ነው የተነሳው።

ስደርስ መስከረም እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ደርቋል።

«አባ፣ ጠማኝ» አለችኝ።

እፀገነት አለቀሰች። «ገደሉ ላይ ደፋኸው?» አለችኝ።

«ደፋሁት» አልኳት። እስከ ዛሬ የምታውቀው ይህን ነው። ይህን ጽሑፍ ካነበበች ሌላ ታውቃለች።

መስከረም አሁን ተማሪ ናት። ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ አፏ አይዘጋም። ቫኗ ውስጥ ግን አትገባም። እኔም ከዚያ ወዲህ ቫኗን የትም አልነዳኋትም።

ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ልሸጣት አልደፈርኩም... ለማን ብዬ? በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ባትሪዋ እንዳይሞት አስነሳታለሁ። አዲስ ንጹህ ውሃ ሞልቼላታለሁ። መርፌዋ አሁንም ቀዝቃዛው ላይ ናት። በአንድ ጊዜ ነው የምትነሳው። እንደ እሷ የሚታመን መኪና በፍኖተ ሰላም የለም።

አንተ ሰማያዊ መኪና ያለህ ሰው... ራዲያተርህን ክፈትና እየው። ደረቅ ከሆነ ልጅህን ወደዚያ ደብር ውሰደው። መምሬ አድማሴን ጠይቅ። ውሃውን ስትይዝ መንገድ ላይ ለማንም አትስጥ። ከእኔ አትማር።

ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ።

አሁን ግን የዘገየሁ ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ላስነሳት ሄድኩ። መስከረምና እናቷ ገበያ ነበሩ። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

መስታወቱ ከውስጥ ላብ ይዞታል። በመዳፌ ከውጭ ጠረግሁት፤ አልጠራም። ግንባሬን አስደግፌ አጮለቅሁ።

መሃለኛው መቀመጫ ርሷል።

ያ በእጄ የገጠምኩት ቀበቶ ታስሯል። እኔ አላሰርኩትም።

መቀመጫው ላይ ማንም የለም። ቀበቶው ግን አልተኛም። ከመቀመጫው ራቅ ብሎ፣ የአራት ዓመት ልጅ እንደታሰረበት፣ ጠበቅ ብሏል።

እያየሁት ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል።

ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል።